ውልና ዋስ፦ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ለኢትዮጵያ የተሟገቱባቸው ዓመታት

በምንጃር ሸንኮራ ካለችው ከአረርቲ ከተማ በስተሰሜን፣ የከሰም ወንዝ ከሚወርድበት ገደላማ አገር ማዶ ያለው ደጋ ቡልጋ ነው። በምንጃር ሸንኮራም ሆነ በቡልጋ ሁለት ሰዎች በወሰን ወይም በደም ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ ነገሩ በእርቅ ቃል ብቻ አያልቅም። ሽማግሌዎቹ ዋስ ያስጠራሉ። ዋሱ ውሉ ቢፈርስ ተጠያቂ የሚሆን፣ ሁለቱም ወገን የሚያፍሩትና የሚያከብሩት ሰው ነው። ዋስ ያልተጠራበት እርቅ እስከ መቼ እንደሚቆይ ማንም አያውቅም።

ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ የቤተሰባቸው መሠረት ቡልጋ ነው። የኢትዮጵያን የውጭ ጉዳይ በመምራት ከአሥር ዓመት በላይ፣ ከዚያም በጠቅላይ ሚኒስትርነት ከአሥር ዓመት በላይ አገልግለዋል። ሥራቸውን ሁሉ ብናጠብበው አንድ ጥያቄ ይወጣዋል፦ ጉልበት የሌለው አገር ከጉልበተኛ ጋር የገባው ውል እንዳይፈርስበት ዋስ ከየት ያገኛል? በዚህ ጥያቄ አስደናቂ ድሎችን አስመዝግበዋል። ትልቁ ውድቀትም የመጣው ከዚሁ ነው፤ ያኔ ግን ጉልበተኛው የራሳቸው መንግሥት ነበር።

የአለቃ ሀብተ ወልድ ልጆች

አባታቸው አለቃ ሀብተ ወልድ ሀብተ ነህ የቤተ ክህነት ሰው ነበሩ። በ1904 ዓ.ም. ገደማ የተወለዱት አክሊሉና ወንድሞቻቸው መኰንንና አካለ ወርቅ፣ ሦስቱም ለሚኒስትርነት በቅተዋል። በዘመኑ የሹመት በር በአብዛኛው ለመሳፍንትና ለመኳንንት ልጆች ክፍት ነበርና የአንድ አለቃ ልጆች እዚያ ላይ መድረሳቸው ትምህርት አዲስ መሰላል እየሆነ መምጣቱን ያሳያል። መኰንን የሀገር ፍቅር ማኅበርን በመመሥረት ይታወቃሉ።

አክሊሉ ከአገር የወጡት ለትምህርት ነው። በግብፅ እስክንድርያ በፈረንሳይ ሊሴ ተምረው ወደ ፓሪስ ተሻገሩና ሕግ አጠኑ። ፈረንሳይኛቸው የተሳለ፣ አእምሯቸውም በሕግ አንቀጽ የሚያስብ ሆነ። የኋላ ባለቤታቸውም ፈረንሳዊት ነበሩ።

የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ሲሻገር ወጣቱ የሕግ ምሁር ፓሪስ ነበሩ። በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ውስጥ ሠርተው በኋላም ጉዳይ ፈጻሚ ሆኑ። ቢሮው አለ፤ ሰንደቅ ዓላማውም አለ፤ የሚወክሉት መንግሥት ግን በስደት ላይ ነበር።

ዋስ የጠፋበት ማኅበር

ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በ1916 ዓ.ም. ነበር። የማኅበሩ ውል አንዱ አባል ሲወረር ሌሎቹ እንደሚቆሙለት ይናገራል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቆመው የጠየቁት ይህ ቃል እንዲጠበቅ ነው። ማኅበሩ በኢጣሊያ ላይ የጣለው ማዕቀብ ነዳጅን ያልጨመረ ነበር፤ እሱም ንጉሠ ነገሥቱ በተናገሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተነሣ።

እንዲያም ሆኖ በጄኔቫ የቀሩት ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ። አንድ አገር በጦር ቢያዝም፣ ሌሎች መንግሥታት ወረራውን በሕግ እስካላጸደቁት ድረስ ሕልውናው አይጠፋም። ስለዚህ የወንበር ጉዳይ፣ የውክልና ደብዳቤ ጉዳይ፣ የተቃውሞ ማስታወሻ ጉዳይ ለእነሱ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ። በመስከረም 1929 ዓ.ም. የማኅበሩ ጉባኤ የኢትዮጵያን መልእክተኞች የውክልና ደብዳቤ ተቀብሎ እንዲቀመጡ ፈቀደ። በዚያው ጊዜ በአገር ቤት አርበኞች በሸዋና በጎጃም፣ በጎንደርና በሌላውም ስፍራ ይዋጉ ነበር። በጫካ ያለው ውጊያና በጄኔቫ ያለው ወረቀት አንዱ ሌላውን ይደግፍ ነበር፤ አርበኛው እየተዋጋ ነው ካልተባለ የመልእክተኛው ወንበር ባዶ ስም ይሆን ነበር።

ጀርመን በ1932 ዓ.ም. ፓሪስን ስትይዝ አክሊሉ ከተማዋን ለቀው ወጡ። ነፃነት ሲመለስ አገራቸው ገብተው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥራ ጀመሩ።

ከወዳጅ ጋር መሟገት

የተመለሱባት ኢትዮጵያ ጠላቷን ያስወጣች ብትሆንም ሙሉ በሙሉ የራሷ አልነበረችም። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው ውል ነፃነቷን ቢያውቅም የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች ዲፕሎማቶች ሁሉ ቀዳሚ እንዲሆን አድርጓል። የምድር ባቡሩ በእንግሊዝ ጦር እጅ ነበር፤ ኦጋዴንም እንዲሁ።

ይህን ለማስለቀቅ የሚቻለው በድርድር ብቻ ነበር። አክሊሉ በምክትል ሚኒስትርነት ሚኒስቴሩን ሲመሩ አጠገባቸው የነበረው የሕግ አማካሪ አሜሪካዊው ጆን ስፔንሰር ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. የተፈረመው ሁለተኛው ውል የእንግሊዝን ቀዳሚነት አስቀረ፤ ባቡሩም ተመለሰ። ኦጋዴንና ሐውድ ግን በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ቀሩ። ሆኖም ውሉ በመሬቱ ላይ የኢትዮጵያ ሉዓላዊነት እንዳለ ጽፎ አስቀምጧል። ያ አንድ ሐረግ በኋላ ትልቅ ሥራ ሠራ። ኦጋዴን አብዛኛው በ1941 ዓ.ም. መግቢያ፣ ሐውድ ደግሞ በየካቲት 1947 ዓ.ም. ያለ ጥይት ተመለሱ።

የአክሊሉ ስልት እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሁሉን ዛሬ ማግኘት ካልተቻለ፣ ነገ ለመጠየቅ የሚያስችል ቃል በውሉ ውስጥ ማኖር።

ሳን ፍራንሲስኮና ሉክሰምበርግ

ሰኔ 19 ቀን 1937 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቻርተር ሲፈረም ሃምሳ አገሮች ተገኝተው ነበር። ከአፍሪካ የነበሩት አራት ብቻ ናቸው፤ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ። ለኢትዮጵያ ከፈረሙት አንዱ በሠላሳዎቹ መግቢያ ዕድሜ ላይ የነበሩት አክሊሉ ናቸው። በጄኔቫ ዋስ ያጣች አገር ሌላ ዋስ ለማቆም ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተሰለፈች።

በቀጣዩ ዓመት ክረምት ደግሞ በፓሪስ፣ በሉክሰምበርግ ቤተ መንግሥት፣ ሃያ አንድ አገሮች ከኢጣሊያና ከሌሎቹ ተሸናፊዎች ጋር ስለሚደረገው የሰላም ውል ተሰበሰቡ። አክሊሉ ከስድስት ዓመት በፊት በጦርነት ምክንያት ጥለዋት ወደ ወጡት ከተማ የአሸናፊ ወገን መልእክተኛ ሆነው ተመለሱ።

በዚያ ጉባኤ ለኢትዮጵያ የተገኘውን ማወቅ የሚገባን የጦር ካሳው ስላስደሰተን ብቻ አይደለም። ለታላላቆቹ መንግሥታት ኢጣሊያ ጠላት የሆነችው በሰኔ 1932 ዓ.ም. ነበር። በእነሱ አቆጣጠር ብቻ ቢሄድ ኖሮ ከዚያ በፊት ኢትዮጵያ ላይ የደረሰው ሁሉ፣ የመርዝ ጋዙ፣ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት መገደል፣ ከውሉ ውጭ በቀረ ነበር። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ውል ግን በአንቀጽ 38 ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸመችው የምትጠየቅበት ጊዜ የሚቆጠረው ወረራው ከጀመረበት ቀን፣ ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. እንዲሆን ወሰነ። ዓለም የኢትዮጵያን የጦርነት አቆጣጠር በሕግ ተቀበለ ማለት ነው።

ውሉ 25 ሚሊዮን ዶላር የጦር ካሳ ለኢትዮጵያ ወስኗል። ኢጣሊያ ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ የወሰደችውን የሥነ ጥበብ ሥራ፣ ንዋየ ቅድሳትና የመዛግብት ሀብት በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ እንድትመልስም በአንቀጽ 37 አዟል። የካሳው ገንዘብ የተከፈለው ከብዙ ክርክር በኋላ በ1948 ዓ.ም. በተደረገ ስምምነት ሲሆን መጠኑም ቀንሷል። የቆቃ ግድብና የኃይል ማመንጫ የተሠራው በዚያ ነው። ከአረርቲ ወደ ሞጆ ወርዶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው የሚያየው የቆቃ ሐይቅ፣ በፓሪስ የተደረገ የዲፕሎማሲ ክርክር ያስገኘው ነው።

ፍትሕ ግን ጎድሏል። ኢትዮጵያ የወራሪውን ጦር የመሩትን ባዶሊዮንና ግራዚያኒን በጦር ወንጀል ለማስከሰስ ብትጠይቅም በኢትዮጵያ ላይ ስለፈጸሙት ነገር ለፍርድ የቀረበ የለም። ለዚህ ጥያቄ ዋስ የሚሆን ታላቅ መንግሥት አልተገኘም።

የኤርትራ ጥያቄ

የአክሊሉ ስም ከሁሉ በላይ የሚነሣው በኤርትራ ጉዳይ ነው፤ ሊታለፍም አይገባም።

የሰላሙ ውል ኢጣሊያ ቅኝ ግዛቶቿን እንድትለቅ ሲያደርግ ዕጣቸውን አራቱ ታላላቅ መንግሥታት በአንድ ዓመት እንዲወስኑ ትቶ ነበር። መስማማት አቃታቸውና ጉዳዩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሄደ። እንግሊዝና ኢጣሊያ የተስማሙበት የቤቪን–ስፎርዛ ዕቅድ አብዛኛውን ኤርትራ ለኢትዮጵያ፣ ምዕራቡን ለሱዳን የሚሰጥ ነበር፤ በግንቦት 1941 ዓ.ም. በጉባኤው ወደቀ። ከዚያ የበርማ፣ የጓቲማላ፣ የኖርዌይ፣ የፓኪስታንና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ያሉበት ኮሚሽን ወደ ኤርትራ ተላከ። ኮሚሽኑ ራሱ ተከፋፍሎ ተመለሰ። ኖርዌይ ሙሉ ውሕደትን፣ በርማና ደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽንን፣ ጓቲማላና ፓኪስታን ወደ ነፃነት የሚወስድ ሞግዚትነትን ደገፉ።

በሕዝቡም ውስጥ እንዲሁ ነበር። ተድላ ባይሩ የመሩት የአንድነት ፓርቲ ከኢትዮጵያ ጋር መዋሐድን ሲሻ፣ ኢብራሂም ሱልጣንና ወልደአብ ወልደማርያም በነፃነት ጎራ ቆሙ። አክሊሉ በጉባኤው ፊት ለሙሉ ውሕደት ተከራከሩ። ከታሪክ፣ ከሃይማኖትና ከዝምድና ሌላ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ የተወረረችው በዚያ በር መሆኑንና ባሕር በር እንደሚያስፈልጋት አስረዱ። መጨረሻ ላይ ግን የተቻለው መካከለኛው መንገድ ሆነ። ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው ውሳኔ 390ን በ46 ድጋፍ፣ በ10 ተቃውሞና በ4 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀ። ኤርትራ የራሷ ምክር ቤት፣ መንግሥትና ፍርድ ቤት ይዛ በኢትዮጵያ ዘውድ ሉዓላዊነት ሥር ፌዴራላዊ አካል ሆነች። ፌዴሬሽኑ በመስከረም 1945 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

ለኢትዮጵያ የዘመኑ ትልቁ የዲፕሎማሲ ድል ነበር፤ የተገኘውም ያለ ጦርነት ነው። ቦሊቪያዊው የድርጅቱ ኮሚሽነር ኤድዋርዶ አንሴ ማቲየንሶ የኤርትራን ሕገ መንግሥት ካዘጋጁ በኋላ ለጉባኤው ባቀረቡት ሪፖርት ውሳኔው ዓለም አቀፍ ሰነድ ሆኖ እንደሚቀጥል፣ ቢጣስም ጉዳዩ ተመልሶ ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ሊቀርብ እንደሚችል አመልክተዋል። በቡልጋ ሽማግሌ ቋንቋ፣ ዋሱ በወረቀት ተጠርቷል።

ፌዴሬሽኑ ሲሸረሸር ግን ያ ዋስ አልመጣም። የኤርትራ ሰንደቅ ዓላማ ወረደ፤ ፓርቲዎች ታገዱ፤ በ1952 ዓ.ም. የኤርትራ መንግሥት የሚለው መጠሪያ ወደ አስተዳደር ተለወጠ። ነሐሴ 26 ቀን 1953 ዓ.ም. ሐሚድ ኢድሪስ አዋተ የኤርትራን የትጥቅ ትግል የመጀመሪያ ጥይት ተኮሱ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። የተባበሩት መንግሥታት ዝም አለ። ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አክሊሉ ነበሩ። ትልቁን ውሳኔ የሚወስኑት ንጉሠ ነገሥቱ ቢሆኑም፣ በኒው ዮርክ ያን ውል ያስገኙት ሰው ውሉ በፈረሰበት መንግሥት ራስ ላይ ተቀምጠው ነበርና ኃላፊነቱ ሊያልፋቸው አይችልም። ኢትዮጵያ በጄኔቫ ታላላቆቹን የከሰሰችበት ክስ፣ ቃልን አክብሩ የሚለው፣ ለኢትዮጵያ መንግሥትም መቅረብ ነበረበት። የተከተለው ጦርነት ሠላሳ ዓመት ፈጀ፤ በሁለቱም ወገን ልጁን ያልቀበረ መንደር ማግኘት አዳጋች ነው።

ለሌሎች ዋስ መሆን

ኢትዮጵያ ሌሎች በሚጣሉበትም መድረክ ተሰልፋለች። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ የዘመተው በጄኔቫ የተነፈጋትን የጋራ ደኅንነት ለሌላው ለመስጠት በሚል እምነት ነው። ጋማል አብደል ናስር በ1948 ዓ.ም. የስዊዝን ቦይ የመንግሥት ንብረት ሲያደርጉ፣ በአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት መንዚስ የተመራ የአምስት አገሮች ልዑክ ወደ ካይሮ ሄደ። አውስትራሊያ፣ አሜሪካ፣ ስዊድን፣ ኢራንና ኢትዮጵያ ነበሩ። የኢትዮጵያ መልእክተኛ አክሊሉ ነበሩ፤ በልጅነታቸው የተማሩባትን አገር ያውቋታል። ልዑኩ የያዘው ቦዩ በዓለም አቀፍ አስተዳደር ሥር ይሁን የሚል ሐሳብ ነበርና ናስር አልተቀበሉትም። ከሁለት ወር በኋላ እሥራኤል፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ግብፅን ወረሩ።

በይበልጥ የሚያስገርመው የደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ የዛሬዋ ናሚቢያ፣ ክስ ነው። ደቡብ አፍሪካ ያን አገር የያዘችው ከመንግሥታት ማኅበር በተሰጣት ሞግዚትነት ስለነበር፣ በሄግ የዓለም ፍርድ ቤት ሊከሳት የሚችለው የማኅበሩ አባል የነበረ መንግሥት ብቻ ነበር። ከነፃ ጥቁር አፍሪካ መንግሥታት ይህ መብት የነበራቸው ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ናቸው። ለኢትዮጵያ ዋስ መሆን ያቃተው ያ ማኅበር፣ ከፈረሰ በኋላ ለሌላ አፍሪካዊ ሕዝብ የምትቆምበትን ሕጋዊ እግር ትቶላት ነበር። ሁለቱ አገሮች ጥቅምት 25 ቀን 1953 ዓ.ም. ክሱን መሠረቱ። ክርክሩ በአክሊሉ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ዘመን ቀጠለ። ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. የዳኞቹ ድምፅ ሰባት ለሰባት እኩል ሆኖ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ክሱ ወደቀ። የፍርዱ ቁጣ ግን ጠቅላላ ጉባኤውን አነሣሣ፤ ጉባኤውም በጥቂት ወራት ውስጥ የደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነት ሻረ። ያው ፍርድ ቤት በ1963 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ በዚያ አገር መቀመጧ ሕገ ወጥ ነው ሲል አስተያየቱን ሰጠ። ናሚቢያ በመጋቢት 1982 ዓ.ም. ነፃ ወጣች።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ሠላሳ ሁለት መንግሥታት አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ፣ የዲፕሎማሲው ሩጫ በአብዛኛው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የከተማ ይፍሩ ነበር። የአክሊሉ ትውልድ ያቆመው ሚኒስቴር ቀጣዩን ትውልድ አፍርቶ ነበርና። ድርጅቱ የሽምግልና፣ የእርቅና የግልግል ኮሚሽን በቻርተሩ ቢያቋቁምም መሪዎቹ በተግባር የመረጡት በፊት ለፊት መሸማገልን ነው። ሞሮኮና አልጄሪያ በቀጣዩ ዓመት መግቢያ በድንበር ሲዋጉ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የማሊው ሞዲቦ ኬይታ ባማኮ ላይ ተኩስ እንዲያቆሙ አስማሟቸው። የሱዳን የመጀመሪያው የእርስ በርስ ጦርነት የቆመውም በየካቲት 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረሰ ስምምነት ነው። እሱም ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የካርቱም መንግሥት ለደቡቡ የተሰጠውን ራስ ገዝነት ሲያፈርሰው ወደቀ። የኤርትራን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው መንገዱ እንግዳ አይደለም።

ከወኅኒ የተጻፈ

አክሊሉ በሚያዝያ 1953 ዓ.ም. በይፋ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ቤታቸው ሐዘን ነበረበት። ወንድማቸው መኰንን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከተገደሉት ሹማምንት አንዱ ናቸው። በአገር ውስጥ የጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ከንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አይወጣም ነበር። የመሬት ሥሪት ጥያቄ ሳይመለስ ሰነበተ፤ በወሎ ረኃብ ሕዝብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸሸገው። ለውጭ ድርድር የነበረው ትጋት ለአገር ቤቱ ጥያቄ አልታየም፤ የዚያ መንግሥት ትልቁ ድካም ይህ ነበር።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የወታደሩና የከተማው ሕዝብ ተቃውሞ ሲግል ከነካቢኔያቸው ሥልጣን ለቀቁ። ጥቂት ቆይተው ታሰሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ስድሳ ገደማ ሰዎች መካከል አክሊሉና ወንድማቸው አካለ ወርቅ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሕግ ሲከራከሩ የኖሩት ሰው የራሳቸውን ክስ ፍርድ ቤት ፊት የሚመልሱበት ቀን አላገኙም።

በእስር ሳሉ የጻፉት «የአክሊሉ ማስታወሻ» ታትሞ ለአንባቢ ደርሷል። የሰላም ጥናት ተማሪ ስለ ድርድር ሲያነብ ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት የውጭ ሰው ልምድ ነው። እዚህ ግን አንድ ኢትዮጵያዊ ተደራዳሪ ከማን ጋር ምን እንደ ተባባለ፣ የቱን አንቀጽ ለምን እንደ ፈለገ በራሱ ብዕር አስቀምጦለታል። ማስታወሻው የአንድ ወገን ቃል ነውና ከጆን ስፔንሰር መጽሐፍ፣ ከተባበሩት መንግሥታት ሰነዶችና ከኤርትራውያን ጸሐፊዎች ጋር ተያይዞ መነበብ አለበት። ለሰሜን ሸዋ ወጣቶች ቅርብ የሆነው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ይህን ሥራ ቢይዘው ተገቢ ነው። ማጥናት ያለበትም የሳን ፍራንሲስኮውን ፊርማ ብቻ አይደለም፤ በመስከረም 1945 ዓ.ም. እና በኅዳር 1955 ዓ.ም. መካከል የተፈጸመውን ጭምር ነው። ወጣቶቻችን ዛሬም ውል ሲፈረምና ሲፈርስ እያዩ ነውና።

በፓሪሱ ውል የተጻፉት አንቀጾች ደግሞ ሥራቸውን አልጨረሱም። ሮም የነበረው የአክሱም ሐውልት በአሥራ ስምንት ወር ይመለስ ከተባለ ከሃምሳ ስምንት ዓመት በኋላ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. አክሱም ገባ፤ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻም ቆመ። ከወረራው በፊት በኢትዮጵያ ምድር የተሠራችውና ኢጣሊያ የወሰደቻት «ፀሐይ» አውሮፕላን በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። በኢጣሊያ ያሉትን ቀሪ ቅርሶችና መዛግብት ለመጠየቅ የሚነሣ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ዛሬም አንቀጽ 37ን ሊጠቅስ ይችላል።